እኔን አስወጥቶ እናቴን ያከመ ጤና ጣቢያ

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። አንዷን ለምን እንዳስቀረሁ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ምኑ እንደገረመኝ አይገባችሁም።

እናቴ መስማት የተሳናት ናት። ልጅ ሆና ማጅራት ገትር ይዟት እሷ ተረፈች፣ መስማቷ ግን አልተመለሰም። ልብስ ሰፊ ናት። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሲንጀሯ ጋር ትኖራለች፤ እኔም እዚያው ነኝ። እኔ እሰማለሁ። የመጀመሪያ ልጅ ስለሆንኩ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የሐኪም ቤት አስተርጓሚ ነኝ። ደሞዝ የለው፣ ዓመት ፈቃድ የለው፣ ጡረታ የለው። አሁን ሃያ ሰባት ሞልቶኛል። በዚህ ሁሉ ዘመን ከሥራ የተባረርኩት አንዴ ብቻ ነው፤ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ እዚህ ጤና ጣቢያ።

ስሙን አልጽፍም። የማማርርበትም ነገር አለ፣ ሠራተኞቹም በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ ማንን እንዳልኩ ወዲያው ይታወቃል። ከከተማው ጫፍ ነው። ከአስፋልቱ ትወርዱና ባጃጅ ትይዛላችሁ፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ ባጃጁም «ከዚህ በላይ አልገባም» ብሎ ያወርዳችሁና ጭቃውን እየረገጣችሁ ትደርሳላችሁ። የትኛው እንደሆነ ማወቅ የፈለገ በዚያ አካባቢ የሚኖር መስማት የተሳነው ሰው ይጠይቅ። ወሬ በምልክት ቋንቋ ከቴሌግራም ይፈጥናል። እናቴም የሰማችው፣ ይቅርታ ያየችው፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30፣ በምልክት ቋንቋ ይታከማል። ያው አንድ አስተርጓሚ መድበው ይሆናል ብዬ ነው የሄድኩት። አስተርጓሚማ ሌላ ቦታም አጋጥሞኛል። እዚህ ግን ነገሩን ከመጀመሪያው የቀረጹት የሰፈሩ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ናቸው። ወንበሩ የት ይቀመጥ፣ ማን ይናገር፣ ምን ይጠየቅ፣ ሁሉንም። ይሄንን ያወቅኩት ኋላ ነው። ያን ዕለት ያየሁት ወንበሩን ብቻ ነበር።

ከካርድ ክፍል እንጀምር። ሌላ ቦታ፣ የትነቱ ይቅር፣ እኔ ፈተና ስለነበረብኝ እማዬ ብቻዋን ሄደች። ጠዋት ተመዘገበች። ነርሷ በሩ ላይ ብቅ እያለች ስም ትጠራለች። እማዬ የነርሷን አፍ ለማየት አንገቷን ስታሰግግ አረፈደች። ስሟ ሁለት ጊዜ ተጠራ፣ «የለችም» ተባለና ካርዷ ከሌሎቹ ሥር ገባ። ከፈተና ወጥቼ ስምንት ሰዓት ላይ ስደርስ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። አየችኝና ሳቀች። «ሁሉም ድኖ ሄደ» አለችኝ በእጇ።

እዚህ ስም አይጠራም። ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ይሰጣችኋል። ተራ ሲደርስ ግድግዳው ላይ ያለች ቢጫ አምፖል ብልጭ ድርግም ትላለች፣ አንድ ሰው ደግሞ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ይዞ ይቆማል። አግዳሚ ወንበሮቹ አንዱ ከአንዱ ጀርባ አልተደረደሩም፤ በግማሽ ክብ ነው የተቀመጡት። መጀመሪያ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ከዚያ አየሁ፤ ሰው ሁሉ እያወራ ነው። ከጀርባው ሰው ያለው መስማት የተሳነው ሰው ማውራት አይችልም፣ ፊት ለፊት ካልተያዩ ወሬ የለም። ሃያ ሰው የሚያህል በአንድ ጊዜ እጁን እያወናጨፈ ያወራል፣ ይሳሳቃል፣ አንዷ ሴትዮ ስለ አከራይዋ በንዴት ትናገራለች። ድምፅ ግን የለም። ከጓሮው የጄኔሬተር ጩኸት ብቻ። ጥበቃው እንኳን «ደህና አደራችሁ» ማለት ተምሯል። ትንሽ ይንሻፈፍበታል፣ ግን ይሞክራል።

መብራት ሲጠፋና ጄኔሬተሩም ሲያስቸግር አምፖሏ አትሠራም። ያኔ ጥበቃው ራሱ እየዞረ ትከሻ መታ መታ ያደርጋል። ከአምፖሏ እሱ ይሻላል ባይ ነኝ።

በካርዱ ጀርባ ላይ ምልክት ይለጠፋል፤ እጅ የተሣለበት ተለጣፊ። መጀመሪያ የታሰበው በቀይ የተሰረዘ ጆሮ ነበር አሉ። ሰዎቹ ሲያዩት እምቢ አሉ። አንድ ሽማግሌ «ጆሮዬን ማን ጠየቃችሁ፣ የማወራው በእጄ ነው» ብለው ወረቀቱን መለሱላቸው። ተቀየረ።

እንግዲህ ተራችን ደረሰ። እንደ ልማዴ ቀድሜ ተነሳሁ። በሩ ላይ አንድ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ቆሟል፣ ባጅ አንጠልጥሏል፣ እሱም መስማት የተሳነው ነው። «አጋዥ» ይሏቸዋል፤ ሦስት ናቸው። እናቴን ሰላም አለ፣ ስሟን ጠየቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «አንተ ማን ነህ?» አለኝ። «ልጇ ነኝ፣ አስተረጉማለሁ» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና «ቡና ውጪ አለ» አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እናቴን አየኋት። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር ገባች። ሃያ ዓመት ያገለገልኳት ሴትዮ!

ውጪ ቁጭ ብዬ ብዙ አሰብኩ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ግን ያደረግኳቸው ነገሮች ትዝ ይሉኝ ጀመር። የአሥር ዓመት ልጅ እያለሁ አንድ ሐኪም «የወር አበባዋ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው በላት» አለኝ። ቃሉን አላውቀውም ነበር፤ ፊቱን ሳየው ግን የሚያሳፍር ነገር እንደሆነ ገባኝ። እማዬን «ደህና ነሽ ወይ ይላል» አልኳት። «ደህና ነኝ» አለች። እኔም ለሐኪሙ «ደህና ነው» አልኩት። ጻፈ። ምን እንደጻፈ እስካሁን አላውቅም። ሌላ ጊዜ ደግሞ አያቴ ልትሞት ቀርቧት ሐኪሙ የነገረኝን ለእማዬ ሳልነግራት ሁለት ቀን ዋልኩ። እንደኛ ያደጋችሁ ልጆች ካላችሁ ይሄን ታውቁታላችሁ።

ውስጥ የሆነውን እናቴ ማታ ነገረችኝ። እማዬ እየሰፋች አታወራም፤ አፏም እጇም አንድ ስለሆነ ማውራት ስትፈልግ መኪናውን ታቆማለች። ያን ማታ ለሁለት ሰዓት ቆመ።

አስተርጓሚዋ የቆመችው ከጤና መኮንኑ አጠገብ ነው፣ ትንሽ ከኋላው። ስለዚህ እማዬ ሁለቱንም ባንድ ላይ ታያለች። ጤና መኮንኑ የሚያየው እሷን ነው፣ አስተርጓሚዋን አይደለም፤ «ንገሪያት፣ በያት» ብሎ ነገር የለም። ማስክ አድርጎ ነበር፣ ሊያናግራት ሲል አወለቀ። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ምልክት ቋንቋ በእጅ ብቻ አይነገርም፤ ጥያቄው፣ አሉታው፣ «በጣም»ው ፊት ላይ ነው ያለው። በኮሮና ጊዜ እማዬ ሰው ሁሉ ግድግዳ የሆነባት ያህል ነበር።

ደም ሊቀዱ ሲሉ ደግሞ ነርሷ «በየትኛው እጅሽ ነው የምታወሪው?» ብላ ጠየቀቻት። እማዬ ይሄን ሦስት ጊዜ ደጋግማ ነገረችኝ። ከዓመታት በፊት ተኝታ ስትታከም ግሉኮሱን የተከሉት ቀኝ እጇ ላይ ነበር፣ ከዚያም በፕላስተር ከእንጨት ጋር አሰሩት። ሁለት ቀን ሙሉ አፏን እንደማሰር ነው። እኔ እንኳን፣ አስተርጓሚ ተብዬው፣ ያኔ ልብ አላልኩም። ግራ እጇ ላይ ትከሉላት ማለት ማንን ይገድል ነበር?

አሁን ወደ ኪኒኑ ልምጣ።

እማዬ እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ እያለ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። እጢው በሙሉ ስለወጣ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ኪኒን ታዘዘላት፣ ሌቮታይሮክሲን። ሐኪሙ «ጠዋት፣ በባዶ ሆድ» አለ። እኔም «ጠዋት» አልኳት፣ ቀጥሎ «ሆድ፣ ባዶ» አልኳት። በቤታችን ምልክት ግን «ሆድ ባዶ» ማለት «ራበኝ» ነው። ሌላ ትርጉም ኖሮት አያውቅም። እማዬ የገባት «ሲርብሽ ውሰጂ» ነው። «ጠዋት»ን ደግሞ ሐኪሙ የተናገረው የሚርባት ያኔ ስለሚመስለው ነው ብላ ተወችው።

አሥራ አራት ዓመት ሲርባት ወሰደች። ጠዋት አይርባትም። አራት ሰዓት ገደማ ይርባታል፣ ከቁርስ ጋር ትውጠዋለች። ጾም ሲሆን ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆይና ቡና ሲቀርብ፣ ከመጀመሪያው ሲኒ ጋር። ይሄ ኪኒን ደግሞ ከምግብና ከቡና ጋር ከሆነ ሰውነት በደንብ አይወስደውም፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ወይ አንድ ሰዓት ቀድሞ በውኃ ብቻ ነው የሚዋጠው። ስለዚህ ይደክማታል፣ ይበርዳታል፣ ፀጉሯ ይረግፋል። ምርመራ ስታደርግ ውጤቱ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ነው። ሐኪሞቹ መጠኑን ይጨምራሉ፣ ይቀንሳሉ። በየጊዜውም «በባዶ ሆድ ነው አይደል የምትወስደው?» ብለው ይጠይቁኛል። እኔም በዚያችው ምልክት እጠይቃታለሁ። «አዎ» ትላለች። «አዎ» እላለሁ።

ያን ሐሙስ አጋዡ ሰውዬ ጠረጴዛው ላይ የወረቀት ሰዓት አስቀመጠ፣ ሲኒ፣ ሰሃን፣ ባዶ የኪኒን ብልቃጥ። «ትናንት የሆነውን አሳዪኝ» አላት። እማዬ የሰዓቱን ቀስት ዘጠኝ ላይ አደረገች፤ ረቡዕ ነበር፣ ጾማ ነበር። ሲኒውን አነሳች። ከዚያ ብልቃጡን ሲኒው አጠገብ አስጠጋችው። ጤና መኮንኑ እስክሪብቶውን አስቀመጠ አለች።

ከዚያ አጋዡ የኪኒኑን ስም በጣት ፊደል ጻፈላት። የኛ የጣት ፊደል ለማታውቁት፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ሌ፣ ቮ፣ ታ፣ ይ፣ ሮ፣ ክ፣ ሲ፣ ን። እማዬ ሁለተኛው ላይ ሳቋ መጣ። በመጨረሻ ራሷ ስም አወጣችለት፤ አንገቷ ላይ ያለውን ጠባሳ በጣቷ ነካ ማድረግ፣ ከዚያ ኪኒን። «ባዶ ሆድ»ም ተቀየረ። አሁን «ውኃ ብቻ፣ ምግብ ገና» ነው። ለማረጋገጫ ምርመራ ወደ ሆስፒታል የሚልክ ወረቀት ጻፉላት፤ እዚያው አይሠራም።

እዚያ ቤት «ገባሽ?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ግድግዳው ላይ በሥዕል ተለጥፏል። ይሄን ሕግ ያወጣችው ሐኪም አይደለችም፤ እንጀራ የምትሸጥ መስማት የተሳናት ሴትዮ ናት። ስብሰባ ላይ «ገባሽ ሲሉኝ አዎ እላለሁ፣ አልገባኝም ካልኩ ፊታቸው ይጠቁራል» አለች፣ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ የሚባለው «አሳዪኝ» ነው።

ስለ ስብሰባው ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር እዚያ ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ይገናኛሉ። መስማት የተሳናቸው የሰፈሩ ሰዎች፣ ነርሶች፣ አስተርጓሚዎች። ይሄ አሠራር በትልቁ ዓለም ማኅበረሰብ አሳታፊ የጤና ጥናት ይባላል፤ ስሙ ያስፈራል፣ ነገሩ ቀላል ነው። ስለ አንተ የሚጠና ከሆነ ጥያቄው ሲጻፍ አንተም ጠረጴዛው ላይ ትቀመጣለህ። ፎርሙ ታትሞ ካለቀ በኋላ መጥተህ ሙላ አትባልም።

የድሮውን አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ቤታችን ፎርም የያዘ ልጅ መጣ። እማዬ በሩን ከፈተች። ልጁ እሷን አልፎ እኔን አየና «እሷ ምን ትላለች?» እያለ ይጠይቀኝ ጀመር። በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም ምናምን። ይሄን በምልክት ንገራት እስቲ! እኔም እንደመሰለኝ አስሞላሁት። መጨረሻ ላይ ፈርሙልኝ አለ፤ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እማዬ ቡና አፍልታ መለሰችው።

እዚህ ጥያቄው ታብሌት ላይ ነው፣ በምልክት ቋንቋ በቪዲዮ። ፈቃድሽ ነው ወይ የሚለውም፣ መልስሽን ማን ያያል የሚለውም፣ ካልፈለግሽ ዝለይው የሚለውም በቪዲዮ። ሰዎቹ ጽሑፉን እምቢ ያሉበት ምክንያት አላቸው፤ አማርኛ ለብዙዎቹ በትምህርት ቤት የተማሩት ሁለተኛ ቋንቋ ነው፣ ምልክት ቋንቋ ደግሞ በእጅ የሚጻፍ አማርኛ አይደለም፣ የራሱ ሰዋስው አለው። የሚያናግርሽን ሰውም ትመርጫለሽ፣ ወጣት ሴት ወይ ሸበቶ ሰውዬ። እማዬ ልጅቷን መረጠች፣ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ወደ ሽማግሌው ተመለሰች። «ትፈጥናለች፣ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ናት» አለች። እውነቷን ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል፣ ወጣቶቹ አዳዲስ ምልክት ይዘው ነው የሚመጡት። እማዬ ደግሞ የመካኒሳውን መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ትውልድ ትመስላለች፣ አንድ ዘመዴ ባያት ቁጥር «የጥንት ነው የምታወሪው» ይላታል።

መጀመሪያ የኛው ሰፈር ፈጠራ መስሎኝ ነበር። ኋላ ስፈልግ ሮቸስተር አገኘሁ። ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች የሚማሩበት ትልቅ የቴክኒክ ተቋም ስላለባት ምልክት ቋንቋ ተናጋሪ በብዛት ይኖርባታል። አሜሪካ የሕዝቡን የጤና ሁኔታ የምታጠናው በስልክ እየደወለች ነበር። እስቲ አስቡት፣ በስልክ! ስለዚህ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ምን ይታመማሉ፣ ምን ያስጨንቃቸዋል፣ ማንም አያውቅም፤ ቁጥሩ ውስጥ የሉማ። እ.ኤ.አ. በ2008 የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የከተማዋ መስማት የተሳናቸው ነዋሪዎች አብረው ጥያቄዎቹን ወደ አሜሪካ ምልክት ቋንቋ ተርጉመው በቪዲዮ ቀረጹ፣ በንክኪ ስክሪን ላይ ጫኑ። 339 ሰዎች መለሱ። ሲጋራ ማጨስ ከሌላው ሕዝብ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ በትዳር ጓደኛ ወይም በፍቅረኛ የሚደርስ ጥቃት፣ ራስን ለማጥፋት መሞከር ደግሞ ከሌላው በዝቶ ወጣ። ይሄ ሁሉ እዚያው ሰፈር ውስጥ ሲኖር ነበር፣ ሰዎቹን በሚገባቸው ቋንቋ የጠየቀ ስላልነበር አልታየም።

ጥቃት ስል፣ ታብሌቱ ላይ ያ ጥያቄም አለ። እማዬ ነግራኛለች። «ባል የሚመለከት ጥያቄም አለ» አለችና እጇን አሳረፈች። አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ምን ብላ እንደመለሰች አልጠየቅኳትም። እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ አጠገቧ ቆሜ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ራሱ በእኔ እጅ ነበር የሚያልፈው። እዚህ ላይ የስፌት መኪናዋን መልሳ አስነሳች፣ ወሬው አለቀ።

አሁን የተቀነሰችው ኮከብ።

አንደኛ፣ የአልትራሳውንድ ክፍሉ። መጋረጃ ተዘግቶ ጨለማ ነው። ጨለማ ውስጥ ምልክት ቋንቋ የለም! እማዬ ተኝታ «ትንፋሽሽን ያዢ» ሲሏት አላየችም፣ ሆዷን ሲጫኗት ደነገጠች። አንድ ትንሽ የራስጌ መብራት ስንት ነው? ስብሰባ ላይ ተነስቷል አሉ፣ በጀት ይጠበቃል አሉ። አንድ የመብራት በጀት።

ፋርማሲውም ያው ነው። እዚህ ድረስ በአጋዥ በአስተርጓሚ እጇን ይዘው አምጥተዋት መስኮቱ ጋ ስትደርስ ባለመድኃኒቱ አንገቱን ሳያቀና አፉን እያጉረመረመ ወረቀት ላይ ሞነጫጭሮ ይሰጣል። እዚህ ላይ እኔ ነኝ ተጠርቼ የገባሁት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ሐሙስ ብቻ መሆኑም ያስቆጫል። ምጥ ሐሙስ ጠብቆ አይመጣም። ለሊት ድንገተኛ ክፍል የሄደ ሰው ያው እንደ ድሮው በልጁ አፍ ነው። ሕጉማ አለ፤ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ካጸደቀች ስንት ዓመቷ። መስከረም ላይ የምልክት ቋንቋዎች ቀን ሲከበር ቲሸርትም ይታደላል።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን የአንድ ሌላ ሽማግሌ ነገር ነው። ከገጠሩ በኩል የመጡ አንድ አባት ነበሩ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ መስማት የተሳናቸው፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ። የምልክት ቋንቋ አያውቁም፤ ከቤተሰባቸው ጋር የፈጠሩት የቤት ምልክት ብቻ ነው ያላቸው። አስተርጓሚዋ ሞከረች፣ አልሆነም። ታብሌቱን አሳዩአቸው፣ ፈገግ ብለው መለሱት። አጋዡ ወረቀት አውጥቶ ላም፣ ሆድ፣ ፀሐይ እየሣለ ከሳቸው ጋር አንድ ሰዓት ቆየ። የሆነ ነገር ተግባቡ። ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ግን ተራው ቆመ፣ አንዳንዱም ማጉረምረም ጀመረ፣ በእጅም ይጉረመረማል። ስብሰባውን የሚቀመጡት ምልክት ቋንቋ የተማሩት ናቸው፤ እኚህ አባት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ወንበር የላቸውም። ይሄን ለአጋዡ ነገርኩት። «እናውቃለን» አለኝ፣ እጁ ደክሞት ነበር።

ስለ አጋዦቹ ደግሞ፣ የሚከፈላቸው የትራንስፖርት ብቻ ነው። ነርሷ ደሞዝተኛ፣ አስተርጓሚዋ አበልተኛ፣ አጋዡ «ተባባሪ»። የእማዬን አሥራ አራት ዓመት ያቃናው ሰውዬ ሐሙስ ሐሙስ የጫማ ሥራውን ዘግቶ ነው የሚመጣው።

አንድ የሚያስቅ ልጨምር። ከታብሌቱ የተገኘውን ውጤት ለሰዎቹ እንመልሳለን ብለው ቃል ገብተው ነበር፣ መለሱም። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ። በአማርኛ። ሦስት ገጽ፣ ደቃቅ ፊደል፣ «ከላይ በተገለጸው መሠረት» የሚል ሁሉ ያለበት። እማዬ ሰሌዳው ፊት ቆማ አየችው፣ ወደ እኔ ዞረችና «ተርጉምልኝ» አለች እየሳቀች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ተነስታ ተናገረች፤ አሁን በቪዲዮ እየቀረጹት ነው፣ የሚናገርበትም ሸበቶው ሰውዬ ነው ተብሏል።

ለምትሄዱ ሰዎች፤ 2፡30 ሳይሞላ ድረሱ፣ ካርቶኑ ቶሎ ያልቃል። ያላችሁን መድኃኒት ሁሉ ከነብልቃጡ ያዙ። ዝናብ ከሆነ ቦት ጫማ። መስማት የምትችሉ ቤተሰቦች ደግሞ መግባት አትችሉም፣ አትከራከሩ፣ እኔ ሞክሬዋለሁ። ከበሩ ማዶ በላስቲክ የተወጠረች የጀበና ቡና ቤት አለች፣ አራት በርጩማ፣ ሁሌም ሁለት ሦስት እንደኔ የተባረረ ሰው አይጠፋባትም። ቡናው ትንሽ ይቀጥናል፤ ሁለተኛው ሳይሆን አንደኛው ራሱ። ፈንዲሻው ግን ትኩስ ነው። ልጅቷ «ስኳር ስንት?» ማለትን በምልክት ተምራለች፣ እና ስለለመደባት መስማት ለምንችለውም በእጇ ነው የምትጠይቀው። ሁለት ብላችሁ አሳዩአት። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ሂዱ፣ ሁለት ሰዓት ትቀመጣላችሁ።